ቃሉን ስጠኝ፦ ሙዚቃና አዳራሽ ሲስማሙና ሲጣሉ

(ለወጣት ሙዚቀኞችና የድምፅ ባለሙያዎች ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። የጋበዙኝ ልጆች «ስለ ድምፅ መሣሪያ ንገረን» ነበር ያሉኝ። ስለ መሣሪያ ባወራ ነገ ጠዋት ሁላችሁም ተጨማሪ ሞንታርቦ ፍለጋ ትወጣላችሁ፤ እኔ ደግሞ የመጣሁት ያለውንም ቀንሱ ለማለት ነው። ስለዚህ ከአንድ ሠርግ ልጀምር።

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ሚክሰሩ (የድምፅ መቆጣጠሪያው) ጋ ተቀምጫለሁ፤ ባንዱ ሞቅ ብሎታል፤ ሰው እስክስታ ይመታል። አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ወደ እኔ መጡ። ሽማግሌ ወደ ሚክሰር ሲመጣ ለምን እንደሆነ በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሁሉ እናውቃለን፤ እጄን አስቀድሜ ጠቅላላውን ድምፅ ከፍና ዝቅ ወደሚያደርገው ቁልፍ፣ ወደ ማስተሩ አስጠጋሁ። እሳቸው ግን ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ ቀንስ አልልህም። ቃሉን ስጠኝ» አሉኝ።

«አልገባኝም አባባ።»

«አፉን ሲከፍት አያለሁ፤ ጩኸቱም ይደርሰኛል። ምን እንደሚል ግን አላውቅም። የሙሽራዋ አባት ሟች ወንድሜ ነው። ስሙን እንዲያነሣልኝ ግጥም ሰጥቼው ነበር። ያንሣው አያንሣው አላወቅሁም።»

ዘፋኙ አንሥቶት ነበር። እኔ በጆሮ ማዳመጫዬ ሰምቼዋለሁ። ከመድረኩ ሠላሳ ሜትር ያህል ርቀው የተቀመጡት የግጥሙ ባለቤት ግን አልሰሙትም።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርሁ። የዘፋኙን ድምፅ ከፍ አደረግሁት፤ ጩኸቱ ጨመረ እንጂ ቃሉ አልጠራም። ቀጭኑን ድምፅ ጨመርሁ፤ ማይክሮፎኑ አፏጨ፣ ሙሽራዋ ጆሮዋን ያዘች። ዘፋኙም ወደ እኔ ዞሮ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ምልክቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ኢኮ ጨምርልኝ፣ ድምፄን በማሽን አስተጋባልኝ ነው። ጨመርሁለት። ዛሬ ሳስበው እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነበር።

የአዳራሹን ስም አልጠራም፤ እንደሱ ያለ በየከተማው ሞልቷል። ወለሉ የተወለወለ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ግማሹ ሲሚንቶ ግማሹ መስታወት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 12 ሜትር ያህል ይሆናል። ለዓይን ያማረ ነበር። ለአዳራሽ ኪራይ ከሚከፍሉ ሰዎች መካከል ከመክፈላቸው በፊት እጃቸውን አጨብጭበው ያዳመጡ እስከ ዛሬ አላየሁም።

እኛ ሙዚቀኞች አዳራሽን እንደ ዕቃ፣ ሙዚቃን እንደ ጠላ እናያቸዋለን፤ ጠላው የትም ቢቀዳ ያው ጠላ ነው ብለን። በሽክና የጠጣ ሰው ግን የፕላስቲክ ኩባያውን ጣዕም ለይቶ ያውቃል። የድምፅ ዕቃ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ጣዕሙን መቀየር ብቻ ሳይሆን ዛሬ የቀዳችሁበትን ካለፈው ጋር ይደባልቀዋል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድምፅ እዚህ ይዘገያል የሚሉ አሉ፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው እንጂ ከፍታው አይደለም።) ከዘፋኙ አፍ የወጣው ድምፅ መጀመሪያ በቀጥታ እናንተ ጋ ይደርሳል። ቀጥሎ ግድግዳ፣ ወለልና ጣሪያ ነክቶ የሚመለሰው ይመጣል። ይህ ተመላሽ በሰከንድ አንድ ሃያኛ ውስጥ ከደረሰ ጆሯችን ከመጀመሪያው ለይቶ አይሰማውም፤ እንዲያውም ያጠነክርለታል። ዘግይቶና በርትቶ ከመጣ ግን የገደል ማሚቶ ይሆናል። ከኋላችሁ 17 ሜትር ላይ ያለ ባዶ ግድግዳ ድምፃችሁን የሚመልስላችሁ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በኋላ ነው፤ ተናጋሪን ለማደናገር ይህ ይበቃል። እንግዲህ እንደዚህ ያሉ ተመላሾች በሺህ ሲቆጠሩና አንዱ ባንዱ ላይ ሲደራረብ ማስተጋባት እንለዋለን። ድምፁ ከተቋረጠ በኋላ ጉልበቱ ወደ ሚሊዮንኛው እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ የአዳራሹ የማስተጋባት ጊዜ ነው።

ይህን ጊዜ መጀመሪያ በሥርዓት የለካው ዋላስ ሳቢን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ በተሠራው የፎግ ሙዚየም የትምህርት አዳራሽ ውስጥ መምህሩ የሚለውን ተማሪው አይሰማውም ነበር፤ ባዶውን ሲሆን አንድ ድምፅ አምስት ሰከንድ ተኩል ያህል ይቆይበታል። ይህን አስተካክል ተብሎ ሥራው ለወጣቱ ሳቢን ተሰጠው። ሳቢን የነበረው መሣሪያ አንድ የኦርጋን ቱቦ፣ አንድ የሰዓት መቁጠሪያና ሁለት ጆሮ ብቻ ነው። ከተማው ጸጥ ሲል፣ ሌሊት ሌሊት፣ በአቅራቢያው ካለ ቴአትር ቤት የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ አዳራሹ ውስጥ ይደረድርና ቱቦውን ነፍቶ ድምፁ እስኪጠፋ ይቆጥራል፤ ሳይነጋ ትራሱን ይመልሳል። ከሁሉ የምወድለት ነገር የለበሰው ልብስ ራሱ ልኬቱን እንደሚያዛባ ደርሶበት፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ መሥራቱ ነው። ኮት የሚያስቸግረው ጆሮ!

ያገኘው ሕግ አጭር ነው። የአዳራሹን ይዘት በሜትር ኩብ ውሰዱ፣ በ0.161 አባዙት፣ አዳራሹ ድምፅ ለሚውጥበት መጠን አካፍሉት። የመዋጫው መለኪያ የተከፈተ መስኮት ነው፤ በተከፈተ መስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና አንድ ሜትር ካሬ ክፍት መስኮት አንድ ተብሎ ይቆጠራል። አንድ የተቀመጠ ሰው ከነልብሱ በግምት የግማሹን ያህል ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ቀድሞ በዚህ ስሌት ተሰልቶ የተሠራ ነው፤ እስከ ዛሬም ይመሰገናል።

አሁን የእኛን የሠርግ አዳራሽ በዚሁ እንመዝነው። ይዘቱ 28,800 ሜትር ኩብ ነው። ሴራሚኩ፣ ሲሚንቶው፣ መስታወቱና ቆርቆሮው ሁሉ ተደምሮ የሚውጠው እንደ 600 ሜትር ካሬ ክፍት መስኮት ነው ብንል፣ ባዶውን ሲሆን የማስተጋባት ጊዜው ሰባት ሰከንድ ተኩል ያልፋል። 600 እንግዳ ሲገባ ወደ አምስት ሰከንድ ይወርዳል። ሦስት ሺህ ሰው ቢታደምበት ሁለት ሰከንድ ገደማ በሆነ ነበር። ጠዋት ባዶ አዳራሽ ውስጥ መሣሪያ ሞክራችሁ ማታ ሌላ ዓለም የሚገጥማችሁ ለዚህ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሰውና ልብሱ የሚውጡት በአመዛኙ ቀጭኑንና መካከለኛውን ድምፅ ነው። ወፍራሙ፣ የቤዝ ጊታሩና የትልቁ ድራም ድምፅ፣ ሰው መሐል እንደ ልቡ ይመላለሳል። እንግዳው በበዛ ቁጥር ቃሉ እየጠራ ይሄዳል፤ ጉርምርምታው ግን እዚያው ነው።

ደግሞ ሌላ ስሌት አለ፤ በኔ አስተያየት ሁሉም የድምፅ ሰው ግንባሩ ላይ ሊጽፈው የሚገባ። ከሞንታርቦው እየራቃችሁ ስትሄዱ ቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ይደክማል፤ አዳራሹ የሚመልሰው ግን የትም ብትቆሙ ያው ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ርቀት አለ። ከዚያ ወዲያ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው በአብዛኛው ዘፋኙን ሳይሆን አዳራሹን ነው። በዚያ አዳራሽ፣ ድምፅን ወደ ፊት የሚሰበስብ ደህና ሞንታርቦ ይዛችሁ እንኳ ይህ ርቀት 13 ሜትር ገደማ ነው። ሽማግሌው የተቀመጡት 30 ሜትር ላይ ነበር። እኔ ማስተሩን ስገፋ ዘፋኙም አዳራሹም እኩል ነው የጨመሩት። አዳራሹ የሞንታርቦ ኪራይ ሳይከፈልበት አብሮ ይጮሃል።

እስካሁን ስለ ቤቱ ነው ያወራሁት። አሁን ወደ ሙዚቃው እንግባ፤ ጥፋቱ ሁሉ የቤቱ አይደለምና።

ፈረንጆቹ የሙዚቃ ቴክስቸር የሚሉት ነገር አለ። እኔ ሽመና እለዋለሁ። በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ አለ? እርስ በርስ ይቀራረባሉ ወይስ ይራራቃሉ? አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል ወይስ አብሮ ያወራል? በገና ብቻውን ሲደረደር አንድ ዓይነት ሽመና ነው፤ ሃያ ሰው አንድ ዜማ በአንድነት ሲያዜም ሌላ ነው፤ ቤዝ፣ ድራም፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎንና ተቀባዮች አንድ ላይ ሲነሡ ደግሞ ቡልኮ ነው። ቡልኮ መጥፎ ልብስ አይደለም። በሐምሌ ብርድ ማን ይጠላዋል? በቆላ ፀሐይ የሚለብሰው ግን የለም።

የዚያን ቀን ባንድ ምን ይጫወት እንደነበር ልንገራችሁ። ኪቦርዱ በግራ እጁ ቤዝ፣ በቀኝ እጁ ረጅም የቫዮሊን ድምፅ፣ በማሽኑ ደግሞ አውቶማቲክ ምት። ከዚያ ላይ እውነተኛ ቤዝ ጊታር። ሳክስፎን። ሦስት ተቀባዮች። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ነው፤ ማለትም በየግማሽ ሰከንዱ አንድ ምት። አዳራሹ አንዱን ድምፅ አምስት ሰከንድ ይዞ ያቆየዋል። አንዱ ምት ሳይሞት አሥር ምት ይወለዳል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሳይበቃ እኔ ደግሞ ኢኮ ጨመርሁበት።

በዚህ ውስጥ ቃል እንዴት ይተርፋል? በተለይ የአማርኛ ቃል። የእኛ ቋንቋ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም ይለያል። «ይበላል» በሉ። ካላላችሁት ሰውዬው በይ ነው፤ ካጠበቃችሁት ተበልቷል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሲጠብቅ ከንፈር ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ለትንሽ ከዚያ በላይ ገጥሞ ይቆያል፤ ያቺ ቅጽበት ዝምታ ናት። አስተጋቢ አዳራሽ ግን ዝምታ የሚባል ነገር አያውቅም። ያቺን ቀዳዳ በቀደመው ፊደል ጅራት ይደፍናትና የተበላው ሰውዬ ተመልሶ በይ ይሆናል። እነ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ ደግሞ እንደ ክብሪት ጫር ብለው የሚጠፉ ድምፆች ናቸው፤ ከኋላቸው የቀረው አናባቢ ይውጣቸዋል። የሚተርፈው አ፣ ኦ፣ ኡ ነው። ስንኙ ሰምና ወርቅ ከሆነማ አስቡት፤ ወርቁ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያው ማጥበቅና ማላላት ውስጥ ነው። በሲሚንቶና በቆርቆሮ አዳራሽ ሰሙ ራሱ ከደረሰ ተመስገን ነው።

ይህን ጉዳይ አዝማሪዎች ከእኛ በፊት ፈትተውት አገኘዋለሁ። አንድ አዝማሪ ቤት አስቡ፦ ስምንት ሜትር በስድስት፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ላይ ምንጣፍና ሰሌን፣ ውስጡ ሃምሳ ሰው ትከሻ ለትከሻ። በሳቢን ሕግ ብታሰሉት የማስተጋባት ጊዜው ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። ድምፅ ተወልዶ ወዲያው ይሞታል። አዝማሪው ይዘፍናል፤ ማሲንቆው ያንኑ ዜማ ጥቂት ኋላ ቀርቶ፣ ጥቂት አስጊጦ እንደ ጥላው ይከተለዋል። መስመሩ ሲያልቅ ማሲንቆው ክፍተቷን ይሞላና ከታዳሚው አንዱ አዲስ ግጥም እስኪሰጥ ይጠብቃል። ግጥሙ አንድ ጊዜ ነው የሚነገረው፤ ያመለጠው ሰው ከሳቁ ይቀራል። በጠባብና በደረቅ ቤት ውስጥ በድምፁና በማሲንቆው መካከል ያለችው ትንሽ መዘግየት ለጆሮ ጣፋጭ ናት። ያንኑ አዝማሪ ወደ ትልቁ አዳራሽ አምጡትና ጥላው ከሰውየው በላይ ይረዝማል። ከዚያ በኋላ «አዝማሪው እንደ ድሮው አይደለም» እንላለን።

ከዚህ በተቃራኒው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ማኅሌት አለ። ለማኅሌት ስሄድ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጆሮዬ ሥራ አይፈታም። ሌሊት ሲጀመር ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ያሉት ሊቃውንቱና ጥቂት ምእመናን ናቸው። በቁም ዜማ ይጀመራል፤ ከበሮ የለም፣ ጽናጽል የለም፤ አንድ ረጅም ዜማ በብዙ ጉሮሮ። ፍጹም እኩል አይደሉም፤ አንዱ ቀደም፣ ሌላው ዘግየት ይላል። ባዶው ሕንፃ ይህን መበላለጥ ወስዶ ያዋሕደውና አንድ ትልቅ ድምፅ አድርጎ ይመልሰዋል። ቀጥሎ ዝማሜ በመቋሚያ፣ ከዚያ መረግድ፣ ጽፋት፣ ወረብ እያለ ምቱ እየፈጠነ፣ ከበሮው እየበረታ ይሄዳል። ይህ በሚሆንበት ሰዓት ሊነጋ ተቃርቧል፤ ሕዝቡ ነጠላውንና ጋቢውን ለብሶ ሞልቷል። ጥጥ ድምፅ ይውጣል። ሕንፃው የሚደርቀው ልክ ከበሮው መድረቅ በሚፈልግበት ሰዓት ነው። ሊቃውንቱ ይህን አስበው አደረጉት አልልም፤ ሥርዓቱ የራሱ ምክንያትና ምሥጢር አለው። እኔ የሰማሁትን ነው የምናገረው።

በቀኝና በግራ ተሰልፈው መቀባበላቸውም አለ። አንዱ ወገን ሲያበቃ ሌላው ይቀበላል፤ የመጀመሪያው ጅራት በሁለተኛው ስር ያልፋል። በቬኒስ የቅዱስ ማርቆስ ባዚሊካ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ ጆቫኒ ጋብሪኤሊና ሌሎች የሙዚቃ ደራሲዎች መዘምራንን ለሁለትና ከዚያ በላይ ከፍለው በተለያየ ቦታ ያቆሙ ነበር፤ ጉልላቶቹ ድምፁን ለሰከንዶች የሚይዙ ናቸውና ሰፋፊ፣ ቀስ ያሉ ድምፆችን ወዲያና ወዲህ እንዲወራወሩ አድርገው ጻፉላቸው። ለቤቱ የተሰፋ ልብስ ማለት ይህ ነው።

አሁን አንድ ነገር በጆሯችሁ እንድትፈርዱ እፈልጋለሁ። (እዚህ ላይ አንድ ወጣት ዋሽንት ተጫዋች ወደ መድረክ ወጣ። ማይክሮፎኑ ላይ በማሽን አምስት ሰከንድ ማስተጋባት ተደርጎ፣ መጀመሪያ የትዝታን ሜጀር ቅኝት፣ ቀጥሎ የአንቺሆዬን ቅኝት በአንድ ዓይነት ፍጥነት ተጫወተ።)

ሰማችሁ? ትዝታው አማረበት፤ እንደ ጉም ተንሳፈፈ። አንቺሆዬው ግን ጥርስ ያፋጫል። ልጁ አልተሳሳተም። ረጅም ማስተጋባት ባለበት ቦታ ተከታትለው የሚመጡ ድምፆች አብረው የሚሰሙ ይሆናሉ፤ ዜማው ሳይፈልግ ራሱ ላይ ይደረባል። የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ በመካከላቸው ግማሽ ድምፅ ልዩነት ያላቸው ጎረቤቶች የሉም። ስለዚህ ቢደራረቡም ይስማማሉ። አንቺሆዬ ግን ዶ ብሎ ወዲያው ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ ብሎ ወዲያው ዝቅ ያለ ሶል አለው። እነዚህ ተራ በተራ ሲመጡ ነው ውበታቸው፤ አብረው ሲሰሙ ይፋጃሉ። በደረቅ ቤት የሚያስለቅስ አንቺሆዬ በአስተጋቢ አዳራሽ ራስ ምታት ሊሆን ይችላል። የዘፈን ዝርዝራችሁን ስታወጡ አዳራሹን አይታችሁ ነው የምታወጡት? እኔ ይህን የሚያደርግ ባንድ እስከ ዛሬ ያየሁት ሁለት ብቻ ነው።

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በደራሼ የሚጫወቱትን ፊላ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ እያንዳንዱ ሰው የያዘው ዋሽንት አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ሲነፉ ነው። ይህ የሜዳ ሙዚቃ ነው። ሜዳ ላይ የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ እያንዳንዷ ድምፅ እንደ ዶቃ ተለይታ ትሰማለች። አዳራሽ ውስጥ አስገብታችሁ ማይክሮፎን ብትደቅኑበት ዶቃው ይቀልጣል።

ስለ ሜዳ ካነሣሁ፣ ድንኳንና አደባባይ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ድንኳን ለቃል ጥሩ ነው፤ ሸራው ድምፁን እንደ ሲሚንቶ ግድግዳ አጠንክሮ አይመልስም። ወፍራሙን ደግሞ አያግደውም፤ ጎረቤት የሚደርሰው ቤዙ ብቻ ነው፤ ቅሬታውም ስለሱ ነው። አደባባይ ላይ ከመድረኩ መቶ ሜትር የራቀ ሰው ዘፋኙ አፉን ካንቀሳቀሰ ከሰከንድ ሢሶ ገደማ በኋላ ነው የሚሰማው፤ መሐል ላይ ተጨማሪ ሞንታርቦ ስታቆሙ በዚያው ልክ ካላዘገያችሁት ራሳችሁ የገደል ማሚቶ ሠራችሁ ማለት ነው። ደግሞ ማታ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከላይ ያለው አየር ሞቅ ያለ ይሆንና ድምፅ ወደ መሬት ይጎብጣል፤ ቀን የማይሰማን የሩቅ ሰፈር ሠርግ ሌሊት አልጋችን ድረስ የሚመጣው ለዚህ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ገንዘብ ቢኖር ጥሩ አዳራሽ ይሠራ ነበር» ትሉ ይሆናል። ገንዘብ ብቻውን አይበቃም። ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1962 የተከፈተው የፊልሃርሞኒክ አዳራሽ ገና ከመክፈቻው ወቀሳ በዛበት፤ መድረኩ ላይ ያሉት እርስ በርሳቸው መሰማማት አልቻሉም። በ1976 ውስጡ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ያም አላረካ ብሎ በ2022 ዳግመኛ ታድሶ ተከፈተ። የቪየናው ሙዚክፌራይን ግን በ1870፣ ሳቢን ገና ሕፃን ሳለ ተሠርቶ እስካሁን የሚደነቅ ነው፦ 49 ሜትር ርዝመት፣ 19 ሜትር ወርድ፣ 18 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ። ጠባብ በመሆኑ የጎን ግድግዳዎቹ ድምፁን ቶሎ ይመልሳሉ፤ ሐውልቶቹና የጣሪያው ቅርጻ ቅርጽ ደግሞ ይበታትኑታል። ሰው ሞልቶት ሁለት ሰከንድ ያህል ያስተጋባል። ለቫዮሊኖች ገነት ነው። እዚያው ቤት ውስጥ ድራም ደቅናችሁ ሞንታርቦ ብትከፍቱ ግን የእኛው ሠርግ ይሆናል። «ጥሩ አዳራሽ» የሚባል ነገር የለም እላለሁ፤ ለምን ዓይነት ሽመና ብሎ ያልጠየቀ ሰው ሲመሰክርልኝ አልሰማውም።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። እኔ ቁልፍ ሳማታ የሳክስፎኑ ሰው በዕረፍት ወደ እኔ መጣ። ከድሮዎቹ የወታደር ባንዶች የወጣ፣ ጥርሱን በሥራው ላይ የነቀለ ሰው ነው። የሽማግሌውን ነገር ነገርሁት። «አንተ ድምፅ ትሰጣቸዋለህ፤ እሳቸው የጠየቁህ ቃል ነው» አለኝና በአገጩ ወደ ኪቦርዱ ልጅ አመለከተ። «እሱን ዝም አሰኘው።» ከዚያ አንድ ነገር ነገረኝ። በእነሱ ጊዜ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ዘፋኙ ሲዘፍን አይነፉም፤ መስመሩን ሲጨርስ ነው የሚመልሱለት። የዚያን ዘመን ዘፈኖች ወደ ቤታችሁ ስትገቡ በዚህ ጆሮ ስሟቸው፤ ዘፋኙ አፉን ሲገጥም ትራምፔቱ ይከፍታል። ሁለቱ አንድ በር ላይ አይጋፉም።

እንዳለኝ አደረግሁ። የኪቦርዱ ልጅ ቫዮሊኑንና ማሽኑን አጠፋ፤ ተቆጥቶ ነበር፣ ግን አጠፋ። ቤዝ ጊታሩን «አትጎትት፣ ነክተህ ልቀቅ» አልሁት። ተቀባዮቹ መስመሩ እስኪያልቅ እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ኢኮውን ጨርሼ ዘጋሁት፤ ዘፋኙ እርቃኑን የቀረ ያህል ነው ያየኝ። ወፍራሙን ድምፅ ቀነስሁ። ወደ ጣሪያ ያንጋጠጡትን ሁለት ሞንታርቦዎች ጎንበስ አድርጌ ወደ ሰው አዞርኋቸው፤ በሰው ላይ ያረፈ ድምፅ ወደ ቆርቆሮ አይሄድምና። በመጨረሻም ከመድረኩ አንዷን ትንሽ ሞኒተር (ለሙዚቀኞቹ የምትቀመጥ ሞንታርቦ) አንሥቼ፣ ገመድ በምንጣፍ ስር አሳልፌ፣ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ጠረጴዛ ሦስት ሜትር ራቅ ብላ እንድትቆም አደረግሁ፤ ድምፁ ከሁለት አቅጣጫ እንዳይሻማባቸው የመድረኩን ዝቅ አድርጌ።

ዘፋኙን «ያንን ግጥም እንደገና በለው፤ ቀስ ብለህ» አልነው።

ቤዝ ጊታርና ሳክስፎን ብቻ ቀርተው ዘፈነ። አዳራሹ መሐል ያሉት ጨፋሪዎች መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ የሞቀው ነገር የቀዘቀዘ መስሏቸው ቆም አሉ። ዘፋኙ የመጀመሪያውን ስንኝ ብሎ ዝም ሲል ሳክስፎኑ መለሰለት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ የሟቹ ስም ነበር።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። አልጨፈሩም፣ አልሸለሙም። ስንኙ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና አጠገባቸው ላሉት ሴት የሆነ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ እኔ ያለሁት 30 ሜትር ርቄ ነው።